ከካሉብ ምርቃት በኋላ ልንጠይቀው የሚገባን፦ የዐይን ሷሊሕ ሰዎች ስለ ጋዝና ስለ ውሃ ያስተማሩን



መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም በሶማሌ ክልል ካሉብ የሚገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንደሚያመርት ተነገረ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎም በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የማዳበሪያ ፋብሪካ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመገንባት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ጋዙ በአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ተጠብቆ ለወጣ ሀብት መደሰት ተገቢ ነው፤ እኛም ተደስተናል።

በመምህርነት ዘመናችን ስለ ማዕድን ስናስተምር ከተማሪዎች የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ታዲያ መቼ ነው የምናልፍለት?» የሚል። «በላዩ ላይ የሚኖሩትስ ሰዎች ምን ይሆናሉ?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ አናስታውስም። እኛም አላስተማርናቸውም። ዛሬ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ማንሳት እንፈልጋለን። ጥያቄውን ከእኛ በፊት አንስተው ዋጋ የከፈሉበት ሙስሊም ወገኖች አሉ፤ እነሱም በአልጄሪያ ሰሐራ መሃል የምትገኘው የዐይን ሷሊሕ ከተማ ነዋሪዎች ናቸው። የእነሱ ጉዳይ «ፍራኪንግ» ስለሚባለው የጋዝ ማውጫ ዘዴ ነበር። የካሉብና የሂላላ ጋዝ በተለመደው ቁፋሮ የሚወጣ ተብሎ የሚታወቅ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ይህን ከመነሻው ግልጽ ማድረግ ይገባል። ያነሱት ጥያቄ ግን ለሁለቱም ይሠራል።

ፍራኪንግ ምንድን ነው?

በተለመደው መንገድ ጋዝ የሚወጣው ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ውስጥ ከተጠራቀመበት ቦታ ነው። ጉድጓዱ እዚያ ሲደርስ ጋዙ በራሱ ግፊት ይወጣል። አንዳንዱ ጋዝ ግን «ሼል» በሚባል ጥቅጥቅ ባለ ድንጋይ ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል (ከነዳጅ ኩባንያው ስም ጋር እንዳይምታታ)። ይህን ለማውጣት መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ጎን ይቆፈራል። ከዚያ ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል ተቀላቅሎ በከፍተኛ ግፊት ይረጫል። ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ አሸዋው ስንጥቁን ከፍቶ ይይዛል፤ ጋዙም ይወጣል።

ለአንድ ጉድጓድ የሚያስፈልገው ውሃ በሚሊዮኖች ሊትር የሚቆጠር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊዮን ሊትር ያልፋል። ኩባንያዎች ከድብልቁ 98 ወይም 99 በመቶው ውሃና አሸዋ ነው ይላሉ። ትክክል ነው። ነገር ግን ከ10 ሚሊዮን ሊትር ላይ አንድ በመቶው 100 ሺህ ሊትር ኬሚካል መሆኑን አንባቢ ራሱ ማስላት ይችላል። ከረጨው ውስጥ የተወሰነው ተመልሶ ይወጣል፤ ሲመለስም ከከርሰ ምድር ጨውና አንዳንዴም እንደ ራዲየም ያሉ ጨረር ያላቸው ንጥረ ነገሮችን ይዞ ይመጣል። ይህ ፍሳሽ የት ይገባል የሚለው ከቁፋሮው ያልተናነሰ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ዐይን ሷሊሕ፦ በውሃ ላይ የቆመች ከተማ

የከተማዋ ስም በዐረብኛ ሲነበብ «የሷሊሕ ምንጭ» ማለት ነው። ከዋና ከተማዋ አልጀርስ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። በዚያ አካባቢ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት «ፎጋራ» በሚባሉ የመሬት ውስጥ ቦዮች የከርሰ ምድር ውሃን እየሳቡ ተምራቸውን በማጠጣት ነው። ከሥራቸው ያለው ውሃ አልጄሪያ ከሊቢያና ከቱኒዚያ ጋር የምትጋራው እጅግ ሰፊ ክምችት አካል ነው። አብዛኛው በጥንት ዘመን የተጠራቀመ ስለሆነ ከተበከለ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ከዐይን ሷሊሕ የሚሳበው ውሃ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የታመንራሰትን ከተማ ያጠጣል።

የዐይን ሷሊሕ ሰዎች ጋዝ አዲስ ነገራቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአካባቢያቸው በተለመደው ዘዴ ጋዝ ይወጣል፤ በቱቦም ወደ ሰሜን ይሄዳል። ወጣቶቻቸው ግን ሥራ ፈላጊዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 በሌላዋ የደቡብ ከተማ በወርግላ ሥራ አጥ ወጣቶች አደባባይ ወጥተው የጠየቁትም ይህንኑ ነበር፤ ነዳጁ ከእኛ ይወጣል፣ ሥራው ለምን አይደርሰንም የሚል።

የመንግሥትን ወገን ደግሞ በፍትሕ እንመልከት። አልጄሪያ በወጪ ንግዷ 95 በመቶ ያህል በነዳጅና በጋዝ ላይ የተመሠረተች ነበረች። የሀገር ውስጥ ፍጆታ ይጨምራል፤ ነባር ጉድጓዶች ይደክማሉ። እ.ኤ.አ. ከ2014 አጋማሽ በኋላ የዘይት ዋጋ በግማሽ ወረደ። በሌላ በኩል የአሜሪካ የኃይል መረጃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምት አልጄሪያ ሊወጣ በሚችል የሼል ጋዝ ክምችት ከዓለም ሦስተኛ ነበረች። ዳቦና ነዳጅ የሚደጉም መንግሥት ይህን አይቶ ዝም ቢል ነበር የሚገርመው። በ2013 ሕጉ ተሻሻለ፤ በግንቦት 2014 ካቢኔው የሙከራ ቁፋሮ ፈቀደ። በታኅሣሥ 2014 መጨረሻ የኃይል ሚኒስትሩ ዩሱፍ ዩስፊ በዐይን ሷሊሕ አቅራቢያ በአሐነት ተፋሰስ የተቆፈረውን የመጀመሪያ ጉድጓድ ጎብኝተው ሙከራው መሳካቱን አበሰሩ።

በቀናት ውስጥ ከተማዋ አደባባይ ወጣች። ሱቆች ተዘጉ፤ ሰዎች በዋናው አደባባይ ድንኳን ተክለው ተቀመጡ፤ ቦታውንም የጽናት አደባባይ አሉት። ሴቶች ከፊት መስመር ነበሩ። ጥያቄያቸው ሙከራው ይቁም፣ ገለልተኛ ባለሙያዎች ይናገሩ፣ ሀገር አቀፍ ውይይት ይደረግ የሚል ነበር። የፖለቲካ ሥልጣን አልጠየቁም፤ ከሀገሪቱ እንገንጠልም አላሉም።

በዚያ በረሃ ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ፈረንሳይ የመጀመሪያውን የኒውክለር ቦምቧን የሞከረችው እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1960 ከዐይን ሷሊሕ በስተምዕራብ ባለችው በረጋን ነው። ያኔም ለሕዝቡ አስጊ ነገር የለም ተብሎ ነበር። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ባለሙያ «አትስጉ» ሲላቸው የሚሰሙት የዛሬውን ቃል ብቻ አይደለም። ከዚህም ሌላ ፈረንሳይ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2011 ፍራኪንግን በሕግ ከልክላለች። ለፓሪስ አደገኛ የተባለ ነገር ለሰሐራ እንዴት ደኅና ይሆናል ማለታቸው ምክንያታዊ ጥያቄ ነበር።

በጥር 2015 መጨረሻ ፕሬዝዳንት ቡተፍሊቃ የሼል ጋዝ ምርት በአጀንዳ ላይ እንደሌለ፣ የተጀመሩት የሙከራ ጉድጓዶች ግን እንደሚጠናቀቁ አስታወቁ። ሕዝቡ አላመነም። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ግጭት ተፈጠረ፤ ሰዎችም ተጎዱ። ይሁን እንጂ የሼል ጋዝ ሰፊ ምርት ውስጥ አልተገባም። ዐይን ሷሊሕም እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ራሷን የቻለች ዊላያ (ክፍለ ሀገር) ሆነች።

ጉዳዩ ግን አልተዘጋም። የዩክሬን ጦርነት ከጀመረ ወዲህ አውሮፓ ጋዝ ፍለጋ ወደ ደቡብ ዞራለች። እ.ኤ.አ. በ2024 አልጄሪያ ከኤክሰንሞቢልና ከሼቭሮን ጋር አሐነትን የሚጨምሩ የጥናት ስምምነቶችን ፈርማለች። የዐይን ሷሊሕ ሰዎች ያነሱት ጥያቄ ተመልሶ ሊመጣ ነው ማለት ነው።

ጥቅሙ የማን፣ አደጋውስ?

የፍራኪንግ ጥቅም ውሸት ነው ማለት አይቻልም። አሜሪካ በዚህ ዘዴ ከጋዝ ፈላጊነት ወደ ላኪነት ተሸጋግራለች። የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች በጋዝ በመተካታቸው የካርቦን ልቀቷ ቀንሷል፤ የማሞቂያና የመብራት ወጪ የቀለለለት ቤተሰብ ብዙ ነው። በፔንሲልቫኒያ ግዛት መሬታቸውን ያከራዩ ገበሬዎች ከሚወጣው ጋዝ ቢያንስ 12.5 በመቶ ሮያሊቲ እንዲያገኙ ሕግ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የሚከፍሉት ልዩ ክፍያ አለ፤ ከፍ ያለው ድርሻ ቁፋሮው ወዳለባቸው አውራጃዎችና ከተሞች ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። በአሜሪካ ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የባለመሬቱ ሊሆን ይችላል። በአልጄሪያም ሆነ በኢትዮጵያ ግን የሕዝብና የመንግሥት ነው። ስለዚህ የአሜሪካው ገበሬ አደጋውንም ጥቅሙንም ሚዛን ላይ አስቀምጦ «እሺ» ወይም «እምቢ» ይላል። የሰሐራው ባለ ተምር ወይም የኦጋዴኑ አርብቶ አደር ጥቅሙ በማዕከል በኩል ዞሮ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ አደጋው ግን ዞሮ አይመጣም፣ እዚያው ደጁ ላይ ነው። «አሜሪካ ተጠቅማበታለች» የሚለው ክርክር ይህን ልዩነት ይረሳል።

የሥራ ዕድሉንም ብንመለከት ብዙ ሰው የሚፈለገው በቁፋሮና በግንባታ ወራት ነው። ጉድጓዱ ማምረት ሲጀምር ጥቂት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ይበቃሉ። የአካባቢው ልጅ አስቀድሞ ካልሠለጠነ የሚደርሰው ጥበቃና ጉልበት ሥራ ነው።

አደጋውንስ በተመለከተ? የሼሉ ድንጋይ ከመጠጥ ውሃው እጅግ ወደ ታች ስለሚገኝ ስንጥቁ በቀጥታ ውሃው ጋ አይደርስም የሚለው የባለሙያዎች ክርክር በአብዛኛው ትክክል ነው። ችግሩ በአብዛኛው የሚመጣው በሌላ በር ነው፤ የጉድጓዱ የብረት ቱቦና ሲሚንቶ በትክክል ሳይሠራ ሲቀር፣ ኬሚካል መሬት ላይ ሲፈስ፣ የፍሳሽ ኩሬ ሲያሾልክ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርቱ የፍራኪንግ ሥራዎች በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃን ሊጎዱ እንደሚችሉ ደምድሟል። በኦክላሆማ ፍሳሹን መልሶ ወደ ጥልቅ ከርሰ ምድር በመጨመር ሳቢያ የመሬት መንቀጥቀጥ በዝቶ በመስከረም 2016 በሬክተር 5.8 ደርሷል። እንግሊዝም በ2019 ከደረሰ መንቀጥቀጥ በኋላ ሥራውን አግዳለች። የኒውዮርክ ግዛት ደግሞ የጤና ጥናቱ አስተማማኝ ሆኖ አላገኘሁትም ብሎ ከልክሏል።

እነዚህ ሁሉ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ ላቦራቶሪ፣ ነፃ ፍርድ ቤትና የሚጮህ ጋዜጣ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። እነዚህ በሌሉበት ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ዲናችን ምን መሠረት ይሰጠናል?

ጉዳዩ የባለሙያ ነው፤ ፈትዋ ለመስጠትም አልተነሳንም። ሆኖም ፊቅሃችን ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች በጋራ ሸሪክ ከሆኑባቸው ነገሮች ውስጥ ውሃን፣ ግጦሽንና እሳትን እንደጠቀሱ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ጋዝ ከእሳት ይቆጠራል ቢባል እንኳ ውሃና ግጦሽ ከጎኑ ተቀምጠዋል፤ አንዱን ለማግኘት ሌሎቹን ማጥፋት ሽርክናውን ማፍረስ ነው።

በየመን መእሪብ የነበረውን የጨው ቦታ ሰሐባው አብየድ ኢብኑ ሐማል ጠይቀው ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተሰጣቸው። ነገሩ እንደማይቋረጥ የምንጭ ውሃ ለሁሉም የሚበቃ መሆኑ ሲነገራቸው ግን መልሰው ወሰዱት። ከዚህ በመነሳት ዑለማዎች በቀላሉ የሚገኝ የጋራ ማዕድን ለግለሰብ እንደማይሰጥ ያስረዳሉ፤ የሻፊዒ ኪታቦችም ከዚህ ዓይነቱ ማዕድን ውስጥ «ናፍጥ»ን ይቆጥራሉ። በማሊኪዎች ዘንድ በታወቀው አቋም ደግሞ ማዕድን በመሪው እጅ ሆኖ ለሕዝብ ጥቅም የሚውል አማና ነው። በሁለቱም መንገድ ቢሄዱ መድረሻው ሀብቱ የጋራ መሆኑ፣ ያዡም ተጠያቂ መሆኑ ነው። ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት ይቀድማል የሚለውን ቃዒዳም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ቃዒዳው ሥራን ሁሉ አቁሙ አይልም፤ ጉዳቱን ሳትመዝኑ አትጀምሩ ነው የሚለው።

ወደ ኦጋዴን ስንመለስ

የኦጋዴን ጋዝ ያለ ደም አልተጠበቀም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ከኦብነግ ጋር የሰላም ስምምነት የተፈረመው በ2018 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ደግሞ የእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ በካሉብ አካባቢ ነዋሪዎች ምንነቱ ባልታወቀ ሕመም እየተሰቃዩ መሆኑን፣ ይህንንም ከጋዝ ሥራው ጋር እንደሚያያይዙት ዘገበ። ባለሥልጣናት ክሱን አስተባበሉ።

ከዚህ ክርክር የምንማረው አንድ ነገር አለ። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የየጉድጓዱና የየብርካው ውሃ ተመርምሮ ውጤቱ ለሕዝብ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ሕመምተኛው «ጎድቶኛል» ሲል ማረጋገጥ፣ ኩባንያውም «እኔ አይደለሁም» ሲል ማስረዳት ይችል ነበር። በፔንሲልቫኒያ ሕግ የሼል ጋዝ ጉድጓድ ከተቆፈረ በኋላ ባሉት 12 ወራት ውስጥ በ2,500 ጫማ (760 ሜትር ገደማ) ርቀት ያለ የውሃ ጉድጓድ ቢበከል ጥፋተኛው ኩባንያው ነው ተብሎ ይገመታል፤ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ስለዚህ ኩባንያዎች ራሳቸው ሮጠው ውሃውን አስቀድመው ያስመረምራሉ። የማስረዳት ሸክሙን ከድሃው ትከሻ ወደ አቅም ያለው ትከሻ ማዞር ማለት ይህ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ በቂ መነሻ አለው። አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከሚጠቀምበት መሬት ያለመፈናቀል መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም መብት ነው ይላል። አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ በአካባቢ ጉዳይ ዕቅድና አፈጻጸም እንዲመከርበት ያዛል። አንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ የሚገኘው ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ መሆኑን ይደነግጋል። የጎደለው ወረቀቱ ሳይሆን ወረቀቱን ይዞ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ስለዚህ የክልሉ ሽማግሌዎች፣ ኡጋዞችና ዑለማዎች፣ የተማሩ ልጆቹና በውጭ ያሉ ወገኖቹም አሁኑኑ ሊጠይቁ የሚገባቸው ይህን ነው፦

አንደኛ፣ በካሉብ፣ በሂላላና በቱቦው መስመር ያሉ የውሃ ነጥቦች ሁሉ በገለልተኛ ላቦራቶሪ ተመርምረው ውጤቱ በሶማሊኛና በአማርኛ ለሕዝብ ይለጠፍ።

ሁለተኛ፣ ፍሳሹ የት እንደሚገባ፣ ምን ኬሚካል ጥቅም ላይ እንደዋለ በግልጽ ይነገር። ወደፊት ፍራኪንግ የሚታሰብ ከሆነ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ሕዝቡ ይሰማ፣ ይጠየቅም።

ሦስተኛ፣ ጉድጓዱ ካለበት ወረዳ የሚደርሰው ድርሻ በገንዘብ ተቆጥሮ በየዓመቱ ይታወቅ። የአካባቢው ወጣት ለጥበቃ ብቻ ሳይሆን ለቴክኒሺያንነት ይሠልጥን።

አራተኛ፣ ግመል ቢሞት፣ ሰው ቢታመም አቤት የሚባልበት ቅርብ ቦታና የማስረዳት ሸክሙን በኩባንያው ላይ የሚጥል ደንብ ይኑር።

እነዚህን መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም። የዐይን ሷሊሕ ሰዎች ጋዝ ለዐሥር ዓመት ከአጠገባቸው ሲወጣ ዝም ብለው ነበር፤ የተነሱት ውሃቸው ሲነካ ነው። ሳይጠየቁ በተሠራ ሥራ ላይ የመጣ ቁጣ መንግሥትንም፣ ኩባንያንም፣ ሕዝቡንም አክስሯል። አስቀድሞ መጠየቅ ከዚያ ሁሉ ይረክሳል።

ጋዙ አንድ ቀን ያልቃል። ኩባንያውም ማሽኑን ጭኖ ይሄዳል። ውሃውን ግን የዛሬዎቹ ሕፃናት ልጆችም ይጠጡታል፤ ግመሎቻቸውም ከዚያው ይጠጣሉ። አላህ (ሱ.ወ) የሰጠንን ሀብት በአማና ከሚጠብቁት ያድርገን።

ወላሁ አዕለም።